ዝም ያለ ሆድ

ጡረታ ስወጣ የመንግሥት የሆነውን ሁሉ አስረክቤያለሁ። ቦርሳውን፣ ቡትስ ጫማውን፣ በፈረስ አፍንጫ የምናስገባውን ቱቦ፣ ማዳመጫውን፣ ሁሉንም የንብረት ክፍሉ ሰው አገላብጦ አይቶ ተቀበለኝ። ጆሮዬን የሚረከበኝ ግን አላገኘሁም። እሱን ይዤው ቤት ገባሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል።

ሌላውን ሰው ጫጫታ ይረብሸዋል፤ እኔን የሚረብሸኝ ዝምታ ነው። ቤታችን የካ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። ቀኑን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቀጥ ይውላል፤ እኔ በዚያ መሀል ሶፋ ላይ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ማቀዝቀዣው ድንገት ጸጥ ሲል ግን ብድግ ነው። «እማዬ፣ መብራት ሄዶ እኮ ነው! ሪላክስ በይ እንጂ» ትለኛለች ልጄ። አልፈርድባትም። ዕድሜዬን ሙሉ የፈረስ ሆድ ሳዳምጥ መኖሬን እሷ የምታውቀው በወሬ ነው። የፈረስ ሆድ ሲጮኽ ደህና ነው። ምድጃ ላይ እንዳለ ሹሮ ሲንተከተክ፣ ሲያጉረመርም፣ ደህና ነው። ዝም ሲል ነው ጉዱ።

ዶክተር ይሉኛል እንጂ ዶክተር አይደለሁም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ አርም ነበር። «አይ ትሕትናዋ!» ይሉኛል። በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። ሥራ የጀመርኩት በግ በሚበዛበት፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብር አገር ነው። እዚያ ጥቂት ዓመት በግ ስከትብ ቆይቼ ወደ የካ ተዛወርኩ። ከተማ ገባሁ ብዬ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለካስ የዚያን ጊዜ የካ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር። ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ ላም፣ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲሉ ባሕር ዛፍ፣ መሀሉን ደግሞ ጋሪ ሞልቶታል። ውሃ በጋሪ፣ ጤፍ በጋሪ፣ ሲሚንቶ በጋሪ፣ ምጥ የያዛት ሴት ሳትቀር በጋሪ ነበር የምትሄደው።

የመጀመሪያው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈረስ ግን ከቁጥር አያስገባም ነበር። «አስካለ፣ ፈረስ አይታለብ፣ አይበላ! ለሱ ነዳጅ አቃጥዬ ለበላይ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?» ይለኛል። አንድ ቀን አጥብቄ ስለምነው «እንግዲህ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ መኪና ግን የለም» ብሎ በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ሳቀ። ስለዚህ በእግሬ ነበር የምሄደው። ሲቀናኝ በሚኒባስ፣ ሲብስ ደግሞ ሊጠራኝ በመጣው ሰው ጋሪ፣ እሱም የታመመው ፈረስ የጎረቤቱ ከሆነ ነው። ደመወዙን አታንሱብኝ።

የኛ ሰው ለፈረሱ ፍቅሩን የሚገልጸው በምግብ ነው። በአዘቦቱ ቀን ጭድ ቅሞ የዋለውን ፈረስ፣ በዓል ሲደርስ «ለሱም እኮ በዓል ነው፣ ይብላ እንጂ!» ብለው ደረቅ ፉርሽካ በባልዲ ያቀርቡለታል። ሁሉም ቤት ጠላ ስለሚጠመቅ አተላ እንደ ልብ ነው፤ አተላውንም ይጨምሩለታል። በማግስቱ ቁርጠት። ፋሲካ ባለፈ በማግስቱ፣ መስቀል ባለፈ በማግስቱ በራችን ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም። ሰው በዓሉን በናፍቆት ይጠብቃል፤ እኔ በፍርሃት ነበር የምጠብቀው። እኔ እስክደርስ ደግሞ ሰዉ ዝም ብሎ መቼ ይጠብቃል! አንዱ አረቄ በጠርሙስ ያጋተዋል። ሁለቱ በግራና በቀኝ ይዘው በአጣና ሆዱን ያሹታል። ሌላው ይጋልበዋል፤ «እስኪፈሳ ሩጫ ነው መድኃኒቱ» ይላል። በጎ አስበው ነው። ግን አንጀቱ የታጠፈ ፈረስ ሩጫ አያድነውም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው። የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ እኔ ስመጣ ጸጉራቸው ሸብቶ፣ ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር። ጋሽ ተፈራ ፈረስ ፊት ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ሚኒስትር ቢመጣ የማያወልቁትን ባርኔጣ! «ፈረስ ጥላ የሚጥል ነገር አይወድም» ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይመስለኝም። ከዚያ ራቅ ብለው ይቆሙና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ይቆረጥማሉ። ባለቤቱ ፀጉሩን ሲነጭ፣ ሚስቱ ስታለቅስ፣ እሳቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ እናደዳለሁ። ለካ እያዩ ነው። መሬቱን በኮቴው ይቆፍራል? ዞሮ ጎኑን ያያል? ከንፈሩን ይገለብጣል? ሊተኛ ብሎ ይነሳል? የፊት እግሩን ወደፊት ሰዶ ይለጠጣል?

«ልብ በይ አስኩ» ይሉኝ ነበር፤ አስካለ የሚለውን ስም ሙሉውን ጠርተውት አያውቁም። «ፈረስ ሊሸና ሲልም ይለጠጣል፣ ሆዱን ሲያመውም ይለጠጣል። ከሸና ሳቂ። ተለጥጦ ካልሸና ሥራሽን ጀምሪ።»

ባለቤቱን ቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ፋንድያው የታለ?» ፋንድያ ካላዩ ምንም ወሬ አይሰሙም። ማዳመጫውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ያሞቁታል። በአውራ ጣታቸው ድዱን ይጫኑና የነጣው ቦታ ቶሎ ቀይ መሆኑን ያያሉ። ከመንጋጋው ሥር የልብ ምቱን ይይዛሉ። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሆዱን ያዳምጣሉ፤ በግራ ከላይ፣ ከታች፣ ከዚያ ዞረው በቀኝ። ያን ጊዜ የሚያወራ ሰው ወዮለት! ፈረሱ የፈሳ እንደሆነ ግን ፊታቸው እንደ ሙሽራ ይበራል። «የፈረስ ፈስ ከፓሪስ ሽቶ ይበልጣል» ብለው ያስቁን ነበር።

የዝምታን ነገር የተማርኩት ከሳቸው ጋር እዚሁ የካ፣ ወሰን ሰፈር፣ አንድ ውሃ የሚያመላልስ ፈረስ ታሞ ነው። ስንደርስ ምድር ላይ ይፈራገጣል፤ ጭንቅላቱን ከድንጋይ ጋር ያላትማል፤ አራት ጎረምሳ ሊይዘው አልቻለም። መድኃኒት ሰጠነው። ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ቆመ። ጭጭ አለ። ባለጋሪው ጉልበቴ ላይ ወደቀ፣ እኔም «ዳነ! ዳነ!» እያልኩ አጨበጨብኩ። ጋሽ ተፈራ አላጨበጨቡም። «ጨረሽ?» አሉኝ። «ከጨረሽ ነይና ጆሮሽን እዚህ አድርጊ።»

አደረግሁ። ምንም የለም። ባዶ ቤት ነው።

«ይኸውልሽ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅድም የሚፈራገጠው አንጀቱ እየታገለ ስለነበር ነው። አሁን ትግሉን ትቶታል። ዕረፍት ሁለት ዓይነት ነው። ፋንድያ ጥሎ፣ ፈስቶ፣ ሣር ፈልጎ የሚያርፍ አለ። ላቡ ቀዝቅዞ፣ ድዱ ጠቁሮ፣ ጆሮው ወድቆ የሚያርፍም አለ። ይሄ ሁለተኛው ነው።» ከዚያ ወደ ባለጋሪው ዞረው፣ ሳያለሰልሱ፣ «ወንድሜ፣ ፈረስህ አይድንም» አሉት። ሰውዬው ገና ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም ነበር። ፈረሱ ሳይመሽ ሞተ።

በመንገዳችን ላይ ተጣላኋቸው። «ምነው ጋሽዬ፣ ትንሽ ቢያባብሉት?»

«አንቺ ባለቤቱን ስታባብዪ ፈረሱ ይሠቃያል» አሉኝ። ቆሎም ዘግነው ሰጡኝ። ጨካኝ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ቆሎውን ሳልበላ ጣልኩት።

አሁን አባ ዳማ ጋ ልምጣ። ሳልመጣ ብቀር ደስ ባለኝ።

አባ ዳማ ስማቸው ቶሎሳ ነው፤ ግን ማንም በዚያ ስም አይጠራቸውም። በአገራቸው ልማድ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። ፈረሳቸው ቀይ ዳማ፣ ስሙም ዳማ ነበረና እሳቸው አባ ዳማ ሆኑ። ድሮ ገበሬ ነበሩ። እርሻቸው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ «ያ አራተኛ ፎቅ የኔ ባቄላ ነበር» እያሉ በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። በሬዎቹ ተሸጡ፣ ልጆቹ ቢሮ ገቡ፣ ሚስታቸው አረፉ። የቀራቸው ዳማ ነው። በኦሮምኛ ያናግሩታል፣ በአማርኛ ይቆጡታል። ጋሪ አስጎትተውት አያውቁም። ሥራው አንድ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ቀዩን ግላስ ጀርባው ላይ ጥለውለት፣ ጋማውን ጎንጉነውለት፣ የየካ ሚካኤልን ታቦት ወደ መንበሩ ይሸኛል። በዚያን ቀን አባ ዳማ መሬት አላቸው፣ ሚስት አላቸው፣ ሁሉ ነገር አላቸው። በዓመት አንድ ቀን።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ታቦት አልሸኝም፤ ፈረስ ግን እሸኛለሁ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ደጃፌ ቆሜ ፈረሶቹ ሲያልፉ አያለሁ። ጎረቤቶቼ «አስካለ፣ ዘንድሮስ ልትመለሺልን ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። «ፈረሶቹን ላይ ነው፤ እናንተንማ በየቀኑ አያችኋለሁ» እላቸዋለሁ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው። ታቦቱ ደረሰ፤ ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ ከመኪና ላይ ደግሞ ሞንታርቦው፣ ምድር ይናወጣል። አባ ዳማ ከነጓዛቸው እኛ በር ላይ ሲደርሱ ዳማ ቆመ። አልሄድ አለ። አባ ዳማ ወረዱ። ዳማ የፊት እግሮቹን ወደፊት ሰደደ፣ ደረቱን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ በታቦቱ አንጻር ተንበረከከ።

«ሰገደ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። «ፈረሱ ሰገደ!» መንገዱ በእልልታ ተቀደደ። ሰው እያለቀሰ መሬት ይስማል። አባ ዳማ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። እኔም፣ ሐሰት አልናገርም፣ ሰውነቴ ውርር አለ።

ከዚያ ዳማ ዞሮ ጎኑን አየ። ከንፈሩን ገለበጠ። ከግላሱ ሥር ላቡ በአንገቱ ይንጠባጠባል፤ ፀሐዩ ግን ያን ያህል አልነበረም። ደግሞ ተለጠጠ። አልሸናም።

በሰው መሀል ተጋፍቼ ደረስኩ። «አባ ዳማ! አባ ዳማ፣ ሆዱን ታሟል! ትናንት ምን በላ?»

«ምን አልሽ?» ከበሮው አያሰማም።

«ታሟል ነው የምልዎት! ያውጡት ከዚህ!»

እሳቸው ሳይሆኑ ከኋላ ያለው ሰው ሰማኝ። «ጴንጤዋ ናት! ስግደቱ አቃጥሏት ነው!» አለ አንዱ። ሳቁ። እኔ ግድ አልሰጠኝም፤ ማዳመጫዬ ቤት ስለነበር ጆሮዬን የዳማ ጎን ላይ ለጠፍኩ። የምሰማው ከበሮ ነው። ከበሮው በሥጋው ውስጥ አልፎ ጆሮዬ ላይ ይመታል፤ እልልታው፣ ሞንታርቦው። ሆዱ ይናገር፣ ሆዱ ዝም ይበል፣ ማወቂያ የለኝም። የኖርኩበትን ሙያ በዚያች ሰዓት አጣሁት። አንድ ነገር ሰምቼ ቢሆን እንደ ጋሽ ተፈራ ደረቴን ነፍቼ እናገር ነበር። ድዱን ለማየት እጄን ስሰድ አባ ዳማ በቀስታ ያዙኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ተይው። ዛሬ የሚካኤል ነው» አሉኝ። ዛቡን ሳብ አደረጉት፤ ዳማም ምስኪን ተነሣና ተከተላቸው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው እያለከለከ መጣ። ቦርሳዬን አንስቼ እየሮጥኩ ለጋሽ ተፈራ ስልክ ደወልኩ። ጡረታ ወጥተው ከዘራ ይዘዋል፤ ግን ባለጋሪ ለምነው ከኔ እኩል ደረሱ። ዳማ ግቢ ውስጥ ይንከባለላል። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቆሎ አላወጡም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ለካ አባ ዳማ በዋዜማው፣ ለበዓሉ ጉልበት ይሁነው ብለው፣ ፉርሽካ በአተላ ለውሰው በባልዲ አብልተውታል። ፋንድያ ከትናንት ጀምሮ የለም። ማስታገሻ ወጋሁት። በአፍንጫው ቱቦ አስገባሁ፤ የገማ ውሃ በብዛት ወጣ። ጓንት አጥልቄ ከኋላ በእጄ ስዳስስ አንጀቱ እንደ ጎማ ተወጥሮ፣ ያለ ቦታው ተሻግሮ አገኘሁት። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ዘንድ የለም።

እንዲህ እያልን ዳማ ዝም አለ። ተነሥቶ ቆመ። ጎረቤቱ «ሚካኤል ደረሰለት!» አለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ዳማ የዳማን ግንባር ይስማሉ። ማዳመጫውን ብብቴ ሥር አሞቅሁና አዳመጥኩ። በግራ ከላይ። ከታች። ዞሬ በቀኝ። ከሁሉም በኩል ባዶ ቤት ነው። ላቡ ቀዝቅዟል። ድዱን ስጫነው የነጣው ቦታ እንደነጣ ቀረ፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ጋሽ ተፈራን አየኋቸው። እሳቸው እኔን ያያሉ። አልተናገሩልኝም፤ ሥራው የኔ ነው።

«አባ ዳማ» አልኳቸው፣ «ዝም ያለው ስለዳነ አይደለም። አንጀቱ ሞቷል። ዳማ አይድንም። ከዚህ በላይ ሳይሠቃይ እናሳርፈው።»

ፊታቸው እንዴት እንደተለወጠ ዛሬም ይታየኛል። «ቅድምም ጀመርሽ! በታቦቱ ፊት ጀመርሽ! ሟርተኛ!» አሉኝ። «ይኸው ቆሟል! ቆሞ እያየሽው!»

«ልክ ናት፣ አባ ዳማ» አሉ ጋሽ ተፈራ።

አልሰሟቸውም። ዛቡን ይዘው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል አደርሰዋለሁ ብለው ወጡ። ዳማም ሄደ። ጌታዬ! በዚያ ሆዱ ሄደ፤ አላሳፍራቸውም እንዳለ ሰው። ጋሽ ተፈራ ከዘራቸውን ተደግፈው «ተከተያቸው። ብቻቸውን እንዳይሆኑ። መርፌውን ያዢ» አሉኝ።

ሽቅብ ወጣን። እሳቸው ከፊት፣ ዳማ ከኋላቸው፣ እኔ ራቅ ብዬ። አንዴም ዞረው አላዩኝም። ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደሄድን ዳማ ተንቀጠቀጠ፣ የኋላ እግሩ ከዳው፣ በጎኑ ወደቀ። «ካኢ! ካኢ፣ ያ ዳማ!» ይሉታል፤ ተነሥ ማለታቸው ነው። ይለምኑታል፣ ይቆጡታል፣ ይጎትቱታል። ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ ይወድቃል። በስተመጨረሻ እሳቸውም አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ያመዋል?» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

«በጣም ያመዋል፣ አባቴ። መጮህ አቅቶት ነው እንጂ።»

ቀዩን ግላስ ፈቱ። ልጓሙን አወለቁ። ጋቢያቸውን አንሥተው አለበሱት። ጆሮው ውስጥ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ነገሩት፤ አልሰማሁም፣ ብሰማም አልነግራችሁም። «እንግዲያው አሳርፊው» አሉኝ። አሳረፍኩት። ጋሽ ተፈራ ለምን ሳያለሰልሱ ይናገሩ እንደነበር እዚያ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባኝ። እንደሳቸው ተናገርኩ፤ ግን ሰው እንዲያምነኝ ማድረግ አልቻልኩም። ያን ሁሉ ዳገት ታሞ የወጣው ለዚህ ነው። ይኸው ይህ ይከነክነኛል፤ ሌሎች ብዙ ፈረሶች ሞተውብኛል፣ እንዲህ የሚከነክነኝ ግን የለም።

ጎረቤቱ ለቅሶ ተቀመጠላቸው። «ለፈረስ ለቅሶ አለ እንዴ?» ያለ አልነበረም። ችግሩ ስማቸው ላይ ነው። አባ ዳማ ብለው ሲጠሯቸው አይመልሱም። አንዴ አንዱ አጥብቆ ቢጠራቸው «ዳማ የለም፤ አባቱም የለም» አሉት። ሰዉ አቶ ቶሎሳ ማለት ጀመረ። ቀበሌ ወረፋ ላይ የሚጠራ ስም እንጂ የሳቸው አይመስልም ነበር። እኔን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። ጋሽ ተፈራም በቀጣዩ ክረምት አረፉ። ቀብራቸው ላይ የወሰን ባለጋሪዎች ተሰልፈው ቆብና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም። ያን ቀን ያለቀስኩት ለሳቸውም ለዳማም ነው።

ዘንድሮ፣ ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው የጥር ሚካኤል፣ ደጃፌ ቆምኩ። ጋሪ ከሰፈራችን ጠፍቷል፤ ፈረሶቹም ተመናምነዋል፤ አብዛኞቹ እንጦጦ ላይ ሽርሽር የሚመጣ ሰው የሚጋልባቸው ናቸው። አቶ ቶሎሳ በእግራቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከሰዉ ጋር ይሄዳሉ። ከፊታቸው አንድ ጎልማሳ ግራጫ ፈረስ ይዟል። እኛ በር ጋ ሲደርስ ግራጫው ቆመ። የፊት እግሮቹን ወደፊት ሰደደ። ዝቅ፣ ዝቅ አለ።

«ሰገደ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ እልልታው ጀመረ። እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ማዳመጫ የለኝም። ደግሞስ ምን ልበል? ማንስ ይሰማኛል?

«ዝም በሉ!» ብለው አቶ ቶሎሳ ጮኹ። እንዲህ ያለ ድምፅ አላቸው ብዬ አላስብም ነበር። «ዝም በሉ! ከበሮውን ያዙት!» ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ አስቀረ። አንድ ቄስ ወደ ኋላ ዞረው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ሞንታርቦውም ጠፋ። ዝምታው በሰዉ ላይ እየተላለፈ እስከ ታች ሄደ። አቶ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ጆሯቸውን ግራጫው ጎን ላይ አደረጉ።

ያን ጊዜ እግሬ ተፈታ። ደርሼ በወዲያኛው ጎን ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሆዱ ይንተከተካል። ያጉረመርማል፣ ይጮኻል፣ ደስ ሲል! ቀና ሳልል ግራጫው ሽንቱን ለቀቀው፤ አስፋልቱ ላይ ቧ! ሕዝቡ እየሳቀ ተበተነ፣ የቄሱ ጫማ ሳይቀር ራሰ። ምስኪን፣ ከጃን ሜዳ ጀምሮ ይዞት ነው የመጣው። እልልታው ከቅድሙ በለጠ፣ ከበሮው ተነሣ፣ ጎልማሳው ፈረሱን ይዞ ሊሄድ ዛቡን ሳበ።

አቶ ቶሎሳ ግን ቀና አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ጆሯቸው ግራጫው ሆድ ላይ ነው። ዞሬ ወደ እሳቸው ስመጣ እንባቸው በፈረሱ ጸጉር ላይ ይወርዳል።

«ደህና ነው እኮ፣ አባ ዳማ» አልኳቸው። ስሙ ከአፌ አመለጠኝ።

«አቤት» አሉ። «ቆይ ልጄ። ቆይ፣ ትንሽ ልስማው።»